የክብር ግድግዳ በጎጃም ትምህርት ቤቶች፦ ማንን፣ በምን ደንብ?

በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ ወደ ስፖርት አዳራሹ በሚወስደው ኮሪደር ላይ የቀድሞ ተማሪዎች ፎቶ በተርታ ተሰቅሎ ማየት የተለመደ ነው። ከፎቶው ሥር ስም፣ ትምህርት የተጨረሰበት ዓመትና የተሠራው ሥራ በአራት በአምስት መስመር ተጽፏል። ሐኪሙ፣ የእርሻ ተመራማሪው፣ በጦር ሜዳ የወደቀው ወታደር፣ ዕድሜዋን በማስተማር የፈጀችው የሒሳብ መምህርት እዚያው ጎን ለጎን ናቸው። በየቀኑ በዚያ የሚያልፍ ልጅ ከእሱ ወንበር የተነሣ ሰው የት እንደደረሰ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ጎጃም ውስጥ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር፣ ከቢቸና እስከ ዳንግላ ያሉት አንጋፋ ትምህርት ቤቶች ያፈሩት ሰው ከዚህ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። እኛ ግን ሰዎቻችንን የምናስታውሰው በአብዛኛው ኢዮቤልዩ ሲደርስ ነው። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ቲሸርትና ኮፍያ ይታተማል፣ ባነር ይሰቀላል። ብዙ ገንዘብ የሰጠና ትልቅ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ይሸለማል። ከሁለት ክረምት በኋላ ባነሩ ነጥቶ ይወርዳል፤ በዓመቱ የተመዘገበ አዲስ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ማን እንደተሸለመ አያውቅም። ገንዘብ መስጠት የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ ለዚያ የተሠራው ቤተ መጻሕፍት በር ላይ የለጋሹን ስም መጻፍ ይበቃል። በሥራ የተገኘ ክብርና በገንዘብ የተገኘ ምስጋና አንድ ግድግዳ ላይ ከተቀላቀሉ ተማሪው የሚማረው የተሳሳተውን ነገር ነው።

አሜሪካኖቹን ከዚህ የሚያድናቸው አጭር የጽሑፍ ደንብ ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ዕጩው ከተመረቀ ቢያንስ 10 ዓመት እንዲሞላው ይጠይቃሉ፤ ጥቆማ በአንድ ቅጽ ይቀርባል፤ በዓመት የሚመረጡት ከሦስት እስከ ስድስት ሰው ናቸው። በኩፐርስታውን የሚገኘው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ተጫዋቹ ጨዋታ ካቆመ አምስት ዓመት እንዲያልፈውና ከመራጮቹ ድምፅ 75 ከመቶ እንዲያገኝ ያስገድዳል። ደንብ የሌለው ወይም ገንዘቡ የነጠፈ ክብር የት እንደሚደርስ ማየት የፈለገ ደግሞ ብሮንክስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1901 የተመረቀውን የታላላቅ አሜሪካውያን የዝና አዳራሽ ይመልከት። ያቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ግቢውን በ1973 ለቀቀ፤ የመጨረሻው ምርጫ በ1976 ተደረገና ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከባርነት ደጋፊው ወገን የተዋጉ የሁለት የደቡብ ጦር ጄኔራሎች ሐውልቶች ከዚያው እንዲነሡ ተደረገ። ስለዚህ የማስገቢያ ብቻ ሳይሆን የማውጫ አንቀጽም ከመጀመሪያው ቀን መጻፍ አለበት።

ይሁን እንጂ ደንቡን እንዳለ ገልብጦ ጎጃም ላይ መትከል አይሆንም። «የተመረቀ» የሚለው የመጀመሪያው መስፈርት ብቻውን ብዙ ሰው ያስቀርብናል። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከየክፍላቸው አወጣ፤ ከዚያ በኋላም በቀይ ሽብር፣ በብሔራዊ ውትድርና፣ በማትሪክ ወይም በቀለብ እጦት ያቋረጠው ስንት ነው? ከገጠር መጥቶ ከተማ ውስጥ ክፍል የተከራየ ልጅ ዓርብ ማታ ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ፣ እሑድ በሶና ቆሎ ተሸክሞ ይመለስ ነበር፤ ስንቅ ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል። በእኛ አገር «በትምህርት ቤቱ ቢያንስ ሁለት ዓመት የተማረ» የሚለው ይሻላል። ከዚህ ሌላ ችግር አለ፦ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ 9ኛና 10ኛ በአንድ ትምህርት ቤት፣ መሰናዶው በሌላ የሆነባቸው ብዙ ናቸው። አንዱን ሰው ሁለት ትምህርት ቤት «የኔ ነው» ቢለው ሁለቱም ይስቀሉት፤ ሠሌዳው ላይ የተማረባቸው ዓመታት በግልጽ ይጻፉ እንጂ የሚያጣላ ነገር የለውም።

የጎጃምን ታላላቅ ስሞች ሁሉ ሰብስቦ የመስቀል ፈተናም አለ። ሐዲስ ዓለማየሁና ዮፍታሔ ንጉሤ የጎጃም ቤተ ክህነት ትምህርት ያፈራቸው ናቸው፤ በላይ ዘለቀ ቢቸና ላይ ትምህርት ቤት በስሙ ይጠራል እንጂ የትምህርት ቤቱ ተማሪ አልነበረም። ለእነሱ ሌላ መታሰቢያ ይገባል። ከቅኔ ቤቱ መውሰድ ያለብን ልማድ ግን አለ፦ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ የተማረ ሰው ማን እንዳስተማረው፣ ያስተማረውንም ማን እንዳስተማረው ቆጥሮ ይናገራል። አሜሪካኖቹ ፎቶው ሥር መምህሩን እምብዛም አይጽፉትም፤ እኛ ብንጽፈው ከእነሱ የተሻለ ነገር ሠራን ማለት ነው። በየዓመቱ ከሚመረጡት አምስት ሰዎች አንዱ መምህር፣ አንዱ ደግሞ ከወረዳው ሳይወጣ ያገለገለ ሰው ይሁን፦ አዋላጅ ነርስ፣ የግብርና ባለሙያ፣ ዳኛ። ግድግዳው ላይ ያለው ሁሉ ዋሽንግተን ወይም አዲስ አበባ የሚኖር ከሆነ ልጁ የሚረዳው «መሄድ ነው» የሚለውን ብቻ ነው።

ኮሚቴው ሰባት ሰው ቢሆን በቂ ነው፦ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) አንድ፣ ከመምህራን ሁለት፣ ጡረታ ከወጡ መምህራን አንድ፣ ከቀድሞ ተማሪዎች ሁለት (አንዱ ብቻ ከውጭ)፣ ከተማሪዎች ፓርላማ አንድ። ለመመረጥ የአምስቱ ድምፅ ያስፈልጋል። ርዕሰ መምህሩ ሰብሳቢ ባይሆን ይመረጣል፤ በዝውውር ሲሄድ ሥራው አብሮት ይሄዳልና። በፖለቲካ ሹመት ላይ ያለ ሰው ከሥልጣኑ ከወረደ አምስት ዓመት ሳያልፈው አይታጭ። ይህ አንቀጽ ከሌለ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች እነማን እንደሚሆኑ ሁላችንም እናውቃለን፤ መንግሥት ሲለወጥ ፎቶው እንደሚወርድም እንዲሁ።

ሠሌዳው ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነውና። በመስታወት የገባ ወረቀት ክረምቱን አይችልም፤ እርጥበቱ ከግድግዳው በኩል ገብቶ ፎቶውን ያሻግተዋል። እምነ በረድ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የሚቀርጹት የመቃብር ሐውልት ሠሪዎች በመሆናቸው በሕይወት ያለ ሰው ስም ሲሰፍርበት ቤተሰብን ያስከፋል። የሚሻለው በሌዘር የተቀረጸ የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ሠሌዳ ነው፤ 20 በ25 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ጽሑፉ ከ50 ቃል አይለፍ፣ ፊደሉ ከ5 ሚሊ ሜትር አይነስ። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የመጣበት ቀበሌ፣ የተማረበት ዓመተ ምሕረት፣ የሠራው ሥራ፣ ያስተማረው መምህር። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ብሎኑን የሚይዘው ፊሸር አይጠብቅም፤ ሠሌዳዎቹን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ከመምታት በትልቅ ጣውላ ላይ አስሮ ጣውላውን ከኮንክሪት ምሰሶው ጋር ማሰር ይቀላል። ቁመቱ ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 አካባቢ፣ ዝናብ የማይደርስበት በረንዳ ላይ፣ ተማሪ በሚመላለስበት በኩል። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ የተሰቀለውን የሚያየው እንግዳ ብቻ ነው። ከማሳተም በፊት ስሙን ለባለቤቱ ወይም ለቤተሰቡ በጽሑፍ ልኮ ማስፈቀድና ፊደሉን ማሳረም ግድ ነው፤ ብረት ላይ የተቀረጸ ስሕተት አይደለዝም።

የምረቃው ቀን አሜሪካ በመስከረምና በጥቅምት፣ ከእግር ኳሳቸው ጨዋታ ጋር ይገጥማል። ለጎጃም ጥር ጥሩ ነው፦ አዝመራ ተሰብስቧል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ከውጭ የሚመጣውም ለገናና ለጥምቀት እግረ መንገዱን ይደርሳል። እንጅባራ አካባቢ የሚያዘጋጅ ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል መሆኑን አይርሳ። ተመራጩ መድረክ ላይ ሰዓት ሙሉ ከሚናገር ሁለት ክፍል ገብቶ የልጆቹን ጥያቄ ቢመልስ ይበልጣል። ከዚያ ወዲያ ሥራው የሚኒ ሚዲያው ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን በጠዋት ሰልፍ ላይ የአንድ ሰው ታሪክ በሦስት ደቂቃ ያንብቡ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጆቻችን ከዚሁ ክፍል ተነሥቶ ያለፈ ሰው ስም በየሳምንቱ መስማት አለባቸው።

ዛሬ ብዙ የጎጃም ትምህርት ቤቶች በግጭቱ ተጎድተዋል፣ ተዘግተው የቆዩም አሉ፤ «አሁን ስለ ግድግዳ ይወራል?» የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ሠሌዳው ይቆይ። የማይቆየው ሮስተሩ ነው። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ክፍል እንደተማረ የሚያረጋግጠው ያ በእጅ የተጻፈ መዝገብ ከተቃጠለ ወይም በምስጥ ከተበላ በኋላ የክብር ግድግዳው በወሬና በዝምድና የሚሞላ ይሆናል። በውጭ ያለነው አሁኑኑ የምንችለው እሱን ማዳን ነው። አንድ ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ፣ ለሁለት የሪከርድ ክፍል ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውጭ ሃርድ ዲስክ ሦስት፤ ፎቶው በመስኮት ብርሃን እንጂ በፍላሽ አይነሣ፣ ገጹን ያንጸባርቀዋልና። የፋይሉ ስም ዓመት፣ ክፍልና ሴክሽን ይሁን። አንዱ ቅጂ ትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ከከተማው ውጭ ይቀመጥ። ውጤት ያለበት ገጽ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ፤ የሰው ማርክ የግሉ ነው።