ሴቭ ያደረገ ተማረ

ደብረ ማርቆስ እንደ ዘንድሮ በዕውቀት ተትረፍርፋ አታውቅም። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በኪሱ ይዞት የሚዞረውን መጽሐፍ ድሮ ቢሆን አንድ አይሱዙ አይችለውም ነበር። ፊዚክሱ አለ። የብዙ ዓመት የመልቀቂያ ፈተና ከነመልሱ አለ። አጋዥ መጽሐፍ አለ፣ የአጋዡ አጋዥ አለ። «ይህን ብቻ ይዛችሁ ግቡ» የሚል ባለ 40 ገጽ ማጠቃለያም አለ። የቀረው መክፈት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ምን ያስቸኩላል?

ጎረቤቴ በቀደም ልጇን «ዛሬም አላጠናህም?» ብትለው «እማዬ፣ ኬሚስትሪውን እኮ አውርጄ ጨረስኩ» አላት። ደስ ብሏት ቡና አፈላች። ምን ታድርግ? በእሷ ጊዜ ማጥናት ማለት ከኩራዝ አጠገብ ተቀምጦ፣ ጭሱ ዓይንን እያቃጠለ፣ አንዱን ገጽ አሥር ጊዜ መመላለስ ነበር። ልጇ ከዚህ ሁሉ ተገላግሏል። ስልኩ ያወርዳል፣ እሱ ኳስ ያያል።

ይህን ሥልጣኔ ያመጣልን ኮሮና ነው። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ቴሌግራም ደረሰልን። ያኔ እውነትም ሌላ መንገድ አልነበረም። በሽታው ሲያልፍ ልጆቹ ወደ ክፍል ተመለሱ። ትምህርቱ ግን ቴሌግራም ላይ ተመችቶት እዚያው ቀረ። አሁን መምህሩ ጠመኔ የሚያባክንበት ምክንያት የለም። «ቻናሉ ላይ ለቅቄላችኋለሁ» ይላል። በቃ፣ ምዕራፍ 4 ተሸፈነ። ሰሌዳ ላይ አንድ ነገር ከጻፈም ተማሪው ብድግ ብሎ ፎቶ ያነሣል። ደብተሩ ላይ የሚገለብጥ ልጅ ካያችሁ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነው።

ጥቅሙን በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይሸከማል። ለሦስት በተሠራ ዴስክ ላይ አምስት ልጅ ሲጨናነቅበት የኖረ አገር ይህን ሲያገኝ እንዴት አያመሰግን? ደግሞም ያመሰግናል። 300 ገጽ ፒዲኤፍ በተለቀቀ በደቂቃው «ቲቸር፣ በጣም አሪፍ ማብራሪያ ነው» የሚል ይመጣል። እንዲህ ያለ የንባብ ፍጥነት የትም አገር አልሰማሁም። ከዚያ የተጣመሩ እጆች፣ ከዚያ ልብ፣ ከዚያ እሳት። ከዚያ አንዱ በስህተት የሰርግ ፎቶ ይለጥፋል፤ አድሚኑ ይቆጣል፤ ትምህርቱ ይጠናቀቃል።

ለጥንቶቹ ግን አዝናለሁ። ጎጃም በትምህርት ስሟ የተነሣው በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ነው። ምስኪኖች! የቅኔ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንጠልጥሎ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከመንደሩ ውሻ ጋር ይታገላል። ያገኛትን ቀምሶ ዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ፣ ከራሱ አፍልቆ ለየኔታ መንገር አለበት። ቤት ካልመታ ይመለሳል። ሰሙና ወርቁ ካልተገናኘ ይመለሳል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብማ ነውር ነው። የራሱን የትናንት ቅኔ እንኳ ዛሬ ቢደግመው ይናቃል። ምን የሚሉት ማሠቃየት ነው? ፎርዋርድ የምትባለዋ ትንሽ ቀስት ብትኖር ኖሮ አንዱ አንድ ጊዜ ተቀኝቶ ለመላው ጎጃም ይዳረስ ነበር። የቀረው «እናመሰግናለን የኔታ» ብሎ ይተኛ ነበር።

ደግሞ ኔትወርክ የለም፣ መጽሐፍ የለም ብለው የሚያላዝኑ አሉ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ በየትምህርት ቤቱ ሳይዳረስ ፒዲኤፉ ቀድሞ ደርሷል። የገጠር ልጅ ስልኳን ገበያ ወስዳ ሶላር ካለው ሱቅ ታስሞላለች፤ ከዚያ ጉብታ ላይ ወጥታ እጇን ወደ ሰማይ ትዘረጋለች። ይህ ሲሆን ስፖርቱም ጸሎቱም አብሮ ተሠራ ማለት ነው። የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን በ2015 ክረምት ሲቋረጥም ፋይሉ አልቆመም፤ በሚሞሪ ካርድና በዜንደር ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። (በዚያ ጊዜ ስንቱ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ግን ሽሙጥ ውስጥ አላስገባውም።)

ዩኒቨርሲቲ የገቡትማ የበለጠ ረቅቀዋል። አሳይመንቱን ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ይጽፈዋል። ሽፋኑ ላይ የሰባት ልጆች ስም ይሰለፋል። ርእሱን አንብባ የምታውቀው የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ብቻ ናት። እሷን አስመርቁልኝ።

ትብብሩም አይረሳ። በግንቦት 2008 የመልቀቂያው እንግሊዝኛ ፈተና ቀድሞ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጣና ፈተናው በአገር ደረጃ ተሰረዘ። ድጋሚ በሚሰጥበት ሰሞን መንግሥት ማኅበራዊ ሚዲያውን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ንግዱ ዘምኗል። «ፈተናው እጃችን ገብቷል» የሚል ቻናል ይከፈታል። ልጁ ከአባቱ የጤፍ ብር ላይ ቆንጥሮ በቴሌብር ይልካል። ፋይል ይመጣለታል፤ የአምናው ፈተና ነው። የማውቀው አንድ ልጅ እንዲህ ተበልቶ በንዴት ቁጭ ብሎ ሠራው። በዓመቱ ያጠናው እሱን ብቻ ነው።

ክፉ ሰዎች ውጤት ይጠቅሱብናል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን የጀመሩት በ2014ቱ ፈተና ነው። ያን ጊዜ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፤ በ2016 5.4 ደረሰ። ምክንያቱ ብዙ ነው ይላሉ ምሁራን። እኔ አንዱን ልንገራችሁ። ልጁን በር ላይ ስልኩን ተቀብለው ነው ያስገቡት! ዕውቀቱ በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የቢቸናን ገበሬ በሬውን አሳስሮ እረስ ማለት ነው።

ብቻ ሁሉም ሰው እኩል አልሠለጠነም። በወላጅነት በገባሁበት አንድ ግሩፕ ውስጥ የሒሳብ መምህር አሉ። መጀመሪያ ላይ በጣም አስቸግረውን ነበር። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን አንድ ጥያቄ ይለጥፋሉ። አንድ ብቻ! ፋይል የለ፣ ቪዲዮ የለ። «መልሱን አልፈልግም። እንዴት እንደጀመራችሁት በድምፅ ላኩልኝ» ይላሉ። ከዚያ እየሰሙ ለየልጁ ይመልሳሉ። «አንተ የመቀነስ ምልክቷን ጥለሃታል፤ ተመለስና ፈልጋት።» «አንቺ መንገድሽ ልክ ነው፤ ቀጥዪ።» አንዱ ሲሳሳት ሌላው ሰምቶ የራሱን ያርማል። ጉብታ ላይ የሚወጡት ልጆች ሳይቀሩ ድምፅ መላክ ጀመሩ፤ አጭር ድምፅ ብዙ ፓኬጅ አይበላም። ጭራሽ አንድ ማታ ሁለት ልጆች በአንድ ጥያቄ ላይ ተከራከሩ። በትምህርት!

ወላጆች ዝም አላልንም። «መምህር፣ የጎን ክፍል ልጆች እኮ 14 ፒዲኤፍ ደርሷቸዋል። የእኛ ልጆች ምን አጠፉ?» አለ አንዱ። ሌላዋ «ልጄ ጥያቄውን እንዳየች ዝም ብላ ግድግዳ ታያለች። ጠበል ልውሰዳት?» ብላ ጻፈች። «እያሰበች ነው» ብለው መለሱላት፤ ይባስ ደነገጠች። ሦስተኛው መምህሩ ማስተማሪያ ስለሌላቸው ነው ልጆቹን የሚጠይቁት ብሎ ጠረጠረ። ልጆቹም ቢሆኑ «ቲቸር፣ መልሱን ብቻ ይላኩልን» የሚለውን እየደጋገሙ ይለጥፉ ነበር። ነገሩ ርእሰ መምህሩ ጋ ደረሰ።

መምህሩ ሰው ናቸው፤ ገባቸው። በአንድ ሌሊት 22 ፋይል ለቀቁ። አንዱ የኮሌጅ ነው፣ አንዱ ገጾቹ ተገልብጠው የተነሡ ናቸው፣ አንዱ ጭራሽ ባዮሎጂ ነው። ማንም አላማረረም። ግሩፑንም ከአድሚን በቀር ሰው እንዳይጽፍበት አድርገው ቆለፉት። ከዚያ ወዲህ ማታ 2 ሰዓት ላይ ቤታችን ሰላም ነው። ልጄም ግድግዳ ማየት ትታለች። ለዓመቱ መዝጊያ ጋቢ ልናለብሳቸው ገንዘብ እያዋጣን ነው።