ያልፈረሙት ውል እነሱን ካላሰረ እኛን ያልፈረምነው ለምን ያስረናል?

የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ሰሞን ግብፅና ሱዳን በጋራ ባወጡት መግለጫ ስምምነቱ እንደማያስራቸው፣ በስድስት አገሮች ማጽደቅ የሚቋቋመው ኮሚሽንም የናይልን ተፋሰስ ሊወክል እንደማይችል አስታወቁ። ከካይሮ በኩል ይህ አዲስ አይደለም፤ ስምምነቱ ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. በኡጋንዳዋ ኢንቴቤ ለፊርማ ክፍት ከሆነበት ቀን ጀምሮ ስትለው የኖረችው ነው። እኔን ያንገበገበኝ መግለጫውን አንብበው ተቻኩለናል፣ ለጉርብትና ሲባል ስለ ውኃ ደኅንነት የሚደነግገው አንቀጽ 14 እንደገና ይከፈት የሚሉ የራሳችን ሰዎች መብዛታቸው ነው።

እስኪ አያስረንም ከሚለው እንጀምር። ልክ ናቸው፣ አያስራቸውም። ያስራቸዋል ያለም የለም። አንድ አገር ያልፈረመው ውል ያለ ፈቃዱ ግዴታ ሊጥልበት እንደማይችል እ.ኤ.አ. የ1969ኙ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 34 በግልጽ ደንግጓል። ሉዓላዊነት የሚባለው ነገር ሥሩ ይኸው ነው፤ እኔ ሳልኖር በስሜ ማንም አይፈርምም። ግብፅ ይህን መብቷን ብትጠቅስ የሚነቅፋት አይኖርም። ይህን በተናገረ አንደበቷ ግን መልሳ እ.ኤ.አ. በ1929 ከእንግሊዝ፣ በ1959 ደግሞ ከሱዳን ጋር ተዋውላ ያገኘችውን ድርሻ ኢትዮጵያ አክብራ ትኑር ልትል አትችልም። ከሁለት አንዱን ትምረጥ።

የ1959ኙን ውል ገልጦ ያየ ሰው ንዴቴን ይረዳዋል። ሁለቱ አገሮች አስዋን ላይ የሚለካው አማካይ የዓመት ፍሰት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው አሉ። ከዚህ ውስጥ 55.5 ቢሊዮኑን ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮኑን ለሱዳን ደለደሉ። የቀረው 10 ቢሊዮን በትነት ለሚጠፋው ውኃ ተያዘ። ፀሐይ ለምታተነው እንኳ ድርሻ ተቀምጦለታል። አስዋን ከሚደርሰው ውኃ 86 በመቶ ያህሉን ለምትሰጠው ኢትዮጵያ ግን አንዲት ጠብታ አልተመደበላትም። ይህ ሳያንስ በአምስተኛው አንቀጽ ሌሎች የተፋሰሱ አገሮች ድርሻ ይገባናል ብለው ቢመጡ ጥያቄውን ሁለቱ ተቀምጠው እንደሚመረምሩ፣ ይሰጣቸው ቢባል ከሁለቱ ድርሻ እኩል እንደሚቀነስ፣ የተፈቀደላቸው አገሮች ከተወሰነላቸው እንዳያልፉም የጋራ የቴክኒክ ኮሚሽናቸው እንደሚቆጣጠር ተጽፏል። በሌለንበት ተካፍለው ሲያበቁ እኛን አመልካች፣ ራሳቸውን ዳኛ አደረጉ። ያ የጋራ መግለጫ የወጣውም በዚሁ ውል ከተቋቋመው ቋሚ የጋራ የቴክኒክ ኮሚሽን ስብሰባ ነው። የሁለት አገር ኮሚሽን ተሰብስቦ የስድስት አገር ኮሚሽን ተፋሰሱን አይወክልም ሲል ምን ይባላል? ስድስት የማይወክለውን ተፋሰስ ሁለቱ በምን ሥልጣን ጨርሰው ተካፈሉት?

ሱዳን ደግሞ ይህን ክርክር ከማንም በፊት ታውቀዋለች። ነፃነቷን እንዳገኘች እንግሊዝ በ1929 የፈረመችው ውል አይመለከተኝም ብላ ከግብፅ ጋር የተፋጠጠችው እሷ ራሷ ናት። የ1959ኙ ውል የመጣውም ከዚያ ፍጥጫ በኋላ ነው። የጁሊየስ ኔሬሬ አገር ታንጋኒካም (የዛሬዋ ታንዛኒያ) ነፃ በወጣች ማግስት የቅኝ ገዥ ፊርማ እንደማያስራት እ.ኤ.አ. በ1962 ለለንደን፣ ለካይሮና ለካርቱም በጽሑፍ አሳወቀች። ኢትዮጵያማ የቅኝ ገዥ ፊርማ እንኳ የላትም። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1956 እና በ1957 ሁለቱ ገና ሲደራደሩ በውኃዋ የመጠቀም መብቷን እንደምታስጠብቅ አስታውቆ ነበር። የሰማው አልነበረም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ 162 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንዲይዝ ተደርጎ ሲገነባ አዲስ አበባን ያማከረ አልነበረም፤ የዓባይን ውኃ ከተፋሰሱ አውጥቶ ወደ ሲና በረሃ የሚወስደው ቦይ ሲቆፈርም እንዲሁ። ዛሬ የተናጠል እርምጃ እያሉ የሚከሱን እነዚሁ ናቸው። ባልነበርንበት ውል ግዴታችንን መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ሁሉም ሲያልቅባቸው የሚመዙት የዳግማዊ ምኒልክን የ1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. የ1902) ውል ነው፤ ምኒልክ የዓባይን ፍሰት የሚያስቆም ሥራ ያለ ስምምነት ላለመሥራት የተዋዋሉበትን። ውሉ ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመ ነው፤ ግብፅ አልፈረመችበትም። እንግሊዝም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ1938 የፋሺስት ጣሊያንን ወረራ ሕጋዊ ብላ ያወቀች አገር ናት። የተዋዋለችውን አገር ህልውና የካደ ወገን በዚያች አገር ላይ የቆየ የውል መብት ሊኖረው አይችልም። ኃይል አመንጭቶ ውኃውን መልሶ የሚለቅ ግድብም ወንዝ አስቆመ አይባልም። ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንበትም።

ወደ ራሳችን ሰዎች ልመለስ። ተቻኩለናል የሚለውን ቃል ማን እንደፈጠረው አላውቅም፤ የሆነውን ግን ሁላችንም አይተናል። ስምምነቱን ለማዘጋጀት ከአሥር ዓመት በላይ ድርድር ተካሂዷል። ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ቀን ፈረመች። ለማጽደቅ ስትዘጋጅ የካይሮው አብዮት መጣ። ከግብፅ የመጣ የሕዝብ ልዑክ ሲጠይቃቸው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አገሪቱ አዲስ መንግሥት እስክትመርጥ ማጽደቁ ይቆይ አሉ፤ ቆየም። የተመረጠው መንግሥት ለዚያ ትዕግሥት የመለሰውን ምላሽ በግንቦት 2005 ዓ.ም. ማብቂያ በቴሌቪዥን ተከታተልነው። ፕሬዚዳንት ሞርሲ የፖለቲካ መሪዎቹን በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስበዋል፤ ስርጭቱ ቀጥታ መሆኑን ያልተነገራቸው ተሰብሳቢዎች ሆዳቸውን ዘርግፈው ያወራሉ። አንዱ የኢትዮጵያን አማፅያን እንደግፍ ይላል፤ ሌላው የጦር አውሮፕላን ልንገዛ ነው የሚል ወሬ እናስነዛ ይላል። ከአሥር ቀን በኋላ ሰኔ 6 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስምምነቱን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። መቸኮል የሚሉት ይህን ነው? ከዚያም ወዲህ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳና ብሩንዲ በየተራ እስኪያጸድቁ፣ በመጨረሻም ስድስተኛዋ ደቡብ ሱዳን በ2016 ዓ.ም. ክረምት እስክትጨምርበት አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀናል።

ስምምነቱ የሚያሳስባቸው ሌሎች ደግሞ አሉ፤ ኮሚሽን ማቋቋም ሉዓላዊነትን የኮሚሽኑ መቀመጫ ለምትሆነው ኢንቴቤ አሳልፎ መስጠት ነው የሚሉ። የእነዚህን ጥርጣሬ አከብራለሁ፤ በውል ስም ብዙ የተነጠቀ ሕዝብ ውል ቢፈራ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ እጅን በገዛ ፈቃድ ማሰርና በሌላ ሰው መታሰር አይገናኙም። ኢትዮጵያ በዚህ ስምምነት በጎረቤት ላይ ጉልህ ጉዳት ላለማድረስ፣ ስለምታቅዳቸው ሥራዎችም በኮሚሽኑ በኩል መረጃ ለመለዋወጥ ግዴታ ገብታለች። ወንዙ ከጓዳዋ የሚነሳ አገር ይህን መቀበሏ ቀላል ነገር አይደለም። በምላሹ ያገኘችው ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም የሚለውን መርህ ነው፤ ያም ለሁሉም እኩል የሚሠራ ነው። ግብፅ ከዓባይ ሌላ ይህ ነው የሚባል ወንዝ የላትም የሚለውም ተዘንግቶ አይደለም። በውኃው ላይ ጥገኛ የሆነው የሕዝብ ብዛት ድርሻ ሲመዘን ከሚታዩት መለኪያዎች አንዱ ሆኖ አንቀጽ 4 ላይ ሰፍሯል። ካይሮ ብትገባ ሚዛኑ ላይ ቦታ አላት። አልገባም የምትለው ሚዛን ከተቀመጠ 55.5 የሚለው ቁጥር እንደማይቆም ስለምታውቅ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

አሁን ዓይናችን መተከል ያለበት አንቀጽ 14 (ለ) ላይ ነው። የላይኛው ተፋሰስ አገሮች ያቀረቡት ጽሑፍ የማንኛውንም የተፋሰሱን አገር የውኃ ደኅንነት በጉልህ ላለመጉዳት ይላል። ግብፅ በምትኩ የውኃ ደኅንነትን፣ አሁን ያለውን አጠቃቀምና መብት ላለመጉዳት ይባል አለች። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ግን ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አሁን ያለው አጠቃቀም ማለት የ1959ኙ ድልድል ነው። ያ ሐረግ ከገባ ስድስት አገሮች ለአሥራ አራት ዓመታት የደከሙበት ሰነድ ያንኑ ድልድል በራሳቸው ፊርማ አጽድቆ ያስረክባቸዋል፤ ካይሮ በእንግሊዝ እጅ ያላገኘችውን የኢትዮጵያ ፊርማ በአፍሪካውያን እጅ ታገኛለች ማለት ነው።

ጉዳዩ ደግሞ አልተዘጋም። አንቀጹ በአባሪነት ተይዞ ኮሚሽኑ በተቋቋመ በስድስት ወር ውስጥ እልባት እንዲሰጠው ነው የተወሰነው። ካይሮ አያስረኝም እያለች ውጭ የምትቆመውም፣ የምትመለስበትን ዋጋ በዚያች ሐረግ ለማስከፈል ነው ብዬ አምናለሁ። በእነዚያ ስድስት ወራት አስታራቂው ይበዛል፤ ለጋሹም ብድሩን ይዞ ይመጣል። ከኛ መካከልም ግብፅን ለማስገባት አንድ ሐረግ ብትቀየር ምናለበት የሚል አይጠፋም። ሐረጓ ከምትቀየር ግብፅ ውጭ ብትቀር ይሻላል። ምክር ቤቱ በ2005 ዓ.ም. ያጸደቀው ጽሑፍ ይህች ሐረግ የለችበትም። አስገብቶ ሊመለስ የሚፈልግ የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተደራዳሪ ካለ፣ ኢንቴቤ ከመሄዱ በፊት እዚያው ምክር ቤት ፊት ቆሞ በስርጭት ይጠይቅ።