በበርጩማ አገር መቀመጫ አጣሁ

ትናንት ከሂርማታ ተነሥቼ ወደ ጅሬን መውጣት ስጀምር የሳይክሌ ኮርቻ በልኬ ነበር። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጋ ስደርስ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ያውም በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወርጄ ከፍ አድርጌዋለሁ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ከጎኔ ቀስ ብሎ እየነዳ፣ «ጋሼ፣ ሳይክሉ ነው የሚያጥረው ወይስ እርስዎ ነዎት የሚረዝሙት?» አለኝ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። ጭኔ ባይቃጠል ኖሮ እኔም እስቅ ነበር። ጅማ ላይ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ይወጣል፣ ሦስት ትውልድ ይቀመጥበታል፤ የእኔ መቀመጫ ግን አንድ ዳገት አይችልም!

መዘዙ የካርቦን የኮርቻ ዘንግ ነው፤ ኮርቻውን ተሸክሞ ሳይክሉ ቧንቧ ውስጥ የሚገባው፣ አሁን ግን እየተንሸራተተ የሚወርደው። የእህቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። «አጎቴ፣ የድሮውን አውጣውና ይህን አድርግ፤ ቀላል ነው፣ የመንገዱንም ንዝረት ይቀንስልሃል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ኮረት ላይ ለወገብ ይለሰልሳል። በክብደት ያተረፍኩት ግን ቢበዛ መቶ ግራም ነው፤ እሱንም ከቦርጬ ላይ በነጻ መቀነስ እችል ነበር። የቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ደግሞ ያየኝ ሁሉ «አጥብቀዋ!» ይለኛል። ወገኖቼ፣ ይህ አሉሚኒየም አይደለም! አሉሚኒየም ብዙ ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፤ ካርቦን ግን በሙጫ የተያያዘ ክር ነው፣ ያለ ልክ ከተጨመቀ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቅና አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ድንገት ቀጭ ይላል። በእኔ ማጥበቂያ ቀለበት ላይ የማጥበቂያው ኃይል ልክ 5 ኒውተን ሜትር ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በላይ ማጥበቅ በገዛ እጅ ጉዳት መጥራት ነው።

ታዲያ በልኩ ጠብቆ ለምን ይንሸራተታል? ግራሶ! የሰፈራችን ሳይክል ሠሪ ዘንጉን ሲገጥምልኝ፣ እኔ ሻይ እየጠጣሁ፣ በአውራ ጣቱ ግራሶ ዝቆ ከላይ እስከ ታች አለስልሶ ቀባው። እኔም አመሰገንኩት። ለብረት ቢሆን ትክክል ነበር፤ ዝገት ይከላከላል። ለካርቦን ግን የሚቀባው ሌላ ነው፤ በጣት ሲዳስሱት እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚሻክር ቅባት ነው። ፍሬዎቹ ቧንቧውንና ዘንጉን ያናክሷቸዋል፣ ብዙ ሳይጨመቅም ይይዛል። ተመልሼ ስሄድ ሰውዬው «ቀጥኖ ነው» ብሎ ከለስላሳ ጣሳ የቆረጠውን ቆርቆሮ በመሐል ሊያስገባልኝ ነበር። ከእጁ ነጠቅኩት። ዘንጉም ቧንቧውም ሲለኩ 31.6 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የቆርቆሮው ጠርዝ የሚጨምረው ነገር ቢኖር ካርቦኑን መቧጨር ብቻ ነው።

ያንን ቅባት ፍለጋ ወጣሁ። የመጀመሪያው ባለ ሱቅ «ካርቦን» የምትለዋን ቃል እንደ ሰማ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጠቆመኝ። ሁለተኛው ሙጫ አወጣልኝ። የሚያስፈልገኝ እኮ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነው! የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ ዕቃው አገር አቋርጦ ይመጣል፣ ማሠሪያው ግን እዚያው ይቀራል። ኃይሉን የሚለካ ቁልፍማ ጭራሽ አይታሰብ።

ስለዚህ ማታ ግቢ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ዘንጉን አወጣሁ፣ ግራሶውን ከዘንጉም ከቧንቧው ውስጥም በአልኮል እስኪነጣ ጠረግሁ፣ ዝቅተኛው መግቢያ ተብሎ የተሰመረው መስመር ቧንቧው ውስጥ መደበቁን አይቼ መለስኩት። በቁመቴ ልክም ጥቁር ናስትሮ ጠመጠምኩበት፤ ከወረደ ይነግረኛል። ቀጥሎ 5 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ወስጄ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቁልፍ ላይ፣ ከብሎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ ቁልፉን አግድም አድርጌ አንጠለጠልኩ። 5 ኪሎ በ10 ሳንቲ ሜትር፣ 5 ኒውተን ሜትር ለመሙላት ጥቂት ነው የሚጎድለው። ብሎኑ ትንሽ ዞረና ቆመ፤ ጀሪካኑም ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያች ወዲያ አልነካሁትም።

ዛሬ ጠዋት እንደገና ጅሬን ወጣሁ። ናስትሮው በጥፍር ስፋት ወርዷል፤ ከትናንቱ ጋር ሲተያይ ሠርግ ነው። ልደግመው ወደ ቤት ብመለስ ባለቤቴ መለኪያዬን ጀበና ውስጥ እየገለበጠችው ደረስኩ።