ያልተለካው 132 ሴንቲ ሜትር፦ ከሪችመንድ እስከ ጎዴ

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተነስቶ በመኪና ወደ ሰሜን ያቀና ሰው ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካው ነዳጅ ኩባንያ የሼቭሮን ሪችመንድ ነዳጅ ማጣሪያ ይደርሳል። ማጣሪያው ከ1902 ጀምሮ አለ (የአሜሪካውን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። እኛም ጎዴ ላይ ማጣሪያ ልንገነባ መሠረት ጥለናልና፣ እዚህ የሆነውን ሀገር ቤት ያለ ሰው ጠንቅቆ ሊያውቀው ይገባል።

ኦገስት 6 ቀን 2012 ከሰዓት በኋላ አንድ ባለ 8 ኢንች ቧንቧ ማፍሰስ ጀመረ። ቧንቧው ያለበት የማጣሪያው ክፍል ወዲያው ሥራ ማቆም ነበረበት፤ አልቆመም። ሥራው እየቀጠለ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቀዳዳውን ለማየት የቧንቧውን ሙቀት መከላከያ ልባስ መግፈፍ ያዙ። ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ቧንቧው ተቀደደ። 19 ሠራተኞች በትነት ደመና ተዋጡ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ተርፈዋል። ወደ 15,000 የሚጠጋ ነዋሪ ግን ለሕክምና ተሰለፈ።

ነገሩ ከብረቱ ይጀምራል። ድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ ያለው ድኝ በከፍተኛ ሙቀት ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ክሮሚየም የገባበት ብረት ይቋቋማል፤ ሲሊከኑ ከ0.10 በመቶ በታች የሆነ ተራ ካርቦን ብረት ግን ቶሎ ይሳሳል። የሪችመንዱ ቧንቧ የ1976 ነው። ውፍረቱ በየጊዜው ይለካ ነበር፤ የሚለካው ግን ኤልቦው (መታጠፊያው) እና መጋጠሚያው ላይ ሲሆን፣ እነሱ ደግሞ የተሻለ ሲሊከን ነበራቸው። በመካከል ያለው 132 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ቁራጭ ሳይለካ ቀረ። ሲቀደድ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ከግድግዳው ውፍረት 90 በመቶው አልቆ ነበር። የሚያንገበግበው፣ የኩባንያው የራሱ ባለሙያዎች እንዲህ ያለው ቧንቧ ቁራጭ በቁራጭ እንዲለካ በ2009 በጽሑፍ መክረው ነበር።

ኩባንያው በ2013 ለስድስት የወንጀል ክሶች አልከራከርም ብሎ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ በ2018 ለከተማው 5 ሚሊዮን ጨመረ። በ2024 ደግሞ 678 የአየር ብክለት ጥሰቶችን በ20 ሚሊዮን ዘጋ። ቅጣቱ ለእንዲህ ያለ ኩባንያ ትንሽ ነው። ሆኖም ጥሰቱ ተቆጥሯል፣ በአጥሩ ዙሪያ ያሉት መለኪያዎች የሚያነቡትንም ጎረቤቱ ራሱ ማየት ይችላል። እኔ የምቀናው በዚህ ነው።

እኛ ዘንድ የአሰቡ ማጣሪያ (ይህም በፈረንጆቹ) በ1997 ከቆመ ወዲህ ነዳጅ የሚገባው ተጣርቶ ነው፤ ስለዚህ ማጣሪያ የመቆጣጠር ልምዳችን ሳስቷል። ሕጉስ አለ፦ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 የተጎዳ ብቻ ሳይሆን ማንም ሰው አቤት እንዲል ይፈቅዳል። አቤት ባዩ ግን በእጁ የሚይዘው ልኬት ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ለጎዴ አሁኑኑ፣ ብየዳው ሳይጀመር መጠየቅ ያለበት አለ። የድፍድፉ ድኝ ስንት ነው? የእያንዳንዱ ቧንቧ ቁራጭ የብረት ይዘት ሲገባ ተፈትሾ ይመዘገባል ወይ? ፍሳሽ ሲታይ ክፍሉን የማቆም ሥልጣን ያለው ማን ነው፣ አለቃ ሳይጠራ ተረኛው ማቆም ይችላል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሃው፦ ድፍድፍ ጨው እንዲለቅ በውሃ ይታጠባል፤ እጣቢው ዘይት፣ እንዲሁም ቤንዝን (የመኪናው ቤንዚን አይደለም) እና ፌኖል የተባሉ መርዛማ ኬሚካሎች ይዞ ይወጣል። ጎዴ ያለችው ዋቢ ሸበሌ ዳር ነው፤ ሰውም ግመልም የሚጠጣው ከዚያ ወንዝ ነው።