ብሬከሩ አያድናቸውም

በደሴ በአንድ ትምህርት ቤት በተካሄደ የሳይንስ ዐውደ ርእይ ላይ ከአሮጌ ማይክሮዌቭ በተፈታ ትራንስፎርመር ፕላዝማ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ የሚያበራ ጋዝ፤ እዚህ ላይ በአየር ውስጥ የሚዘል ብልጭታ) ያሳዩ ተማሪዎች አንደኛ መውጣታቸው ሳያንስ፣ ሙከራውን በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶችም እየዞሩ እንዲያሳዩ ተወስኗል። ከውሳኔው የባሰው ደግሞ ለድጋፍ የቀረበው ምክንያት ነው። ከዳኞቹ አንዱ፣ የሰኞ ገበያ በያጆች ከማለዳ እስከ ማታ ያንኑ ብልጭታ ሲያወጡ ውለው በሰላም ወደ ቤታቸው እንደሚገቡ፣ አንዳች ችግር ቢፈጠርም ብሬከሩ መብራቱን እንደሚቆርጥ ተናግረዋል።

የብየዳ ማሽን በኤሌክትሮዱ ጫፍ የሚሰጠው ቮልት ከ100 በታች ነው። የተሠራውም 220 ቮልቱን ዝቅ አድርጎ አምፔሩን ከፍ እንዲያደርግ ነው፤ ደረቅ የቆዳ ጓንት ይህን ያህሉን ይቋቋማል። የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ተገላቢጦሹን ይሠራል፤ 220ውን ወደ 2,000 ቮልት ገደማ ያወጣዋል፤ በዚህ ቮልት ፊት የሰው ቆዳ መከላከያነቱ ያበቃል። ሁለቱ ብልጭታዎች ለዓይን ስለተመሳሰሉ አንድ ናቸው ብሎ መፍረድ ከዳኛ ወንበር የሚጠበቅ አልነበረም።

ብሬከር ይቆርጣል የሚለው ግን ወላጅን ሁሉ የሚያዘናጋ ቃል ስለሆነ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። ብሬከር የሚተከለው ሽቦው ከልክ በላይ ተጭኖ ቤቱን እንዳያቃጥል እንጂ ኮረንቲ የያዘውን ሰው ለማዳን አይደለም። በደረት በኩል የሚያልፍ ከ50 እስከ 100 ሚሊአምፔር የልብን ምት አዛብቶ ለመግደል ይበቃል፤ ባለ 10 አምፔር ብሬከር ግን 10,000 ሚሊአምፔር ካላለፈ ንቅንቅ አይልም። በ2,000 ቮልቱ ወገን በአንድ ልጅ ሰውነት ውስጥ ግማሽ አምፔር ቢያልፍ፣ በ220 ቮልቱ ወገን የሚታየው ጭማሪ 5 አምፔር አይሞላም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዚህ እጥፍ በላይ ይስባል። እናት እንጀራ ስትጋግር ያልቆረጠ ብሬከር፣ ልጇን ኮረንቲ ይዞ ሲያንቀጠቅጠው በምን ምክንያት ይቆርጣል? በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጠው አርሲዲ (ሰውን ከኮረንቲ ለማዳን የሚተከለው መቁረጫ) እንኳ ቢኖር አይደርስለትም፤ መሣሪያው የሚያነጻጽረው ወደ ትራንስፎርመሩ የሚገባውንና ከዚያ የሚመለሰውን ፍሰት ነው፤ 2,000 ቮልቱ ከሚወጣበት ከትራንስፎርመሩ ሁለተኛ የሽቦ ጥምጥም ወጥቶ በልጁ ሰውነት አልፎ ወደዚያው ጥምጥም የሚመለሰው ፍሰት ፈጽሞ አይታየውም። ስለዚህ ከልጁና ከሞት መካከል የቆመ አንድም መሣሪያ የለም። ይህን የማያውቅ ሰው ሙከራውን መፍቀድ አልነበረበትም፤ እያወቀ ከፈቀደ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል።

በዚያ ላይ የምንኖረው መብራት በድንገት በሚሄድበትና በድንገት በሚመጣበት አገር ነው። ብልጭታው ሲጠፋ ልጁ መብራት ሄደ ብሎ ሽቦውን ሊያስተካክል እጁን ይሰዳል፤ መብራቱ የሚመጣው ጣቶቹ ሽቦው ላይ እንዳሉ ሊሆን ይችላል። ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ደሴ ደግሞ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ብልጭታ በቆላና በባሕር ዳርቻ ከሚዘለው ርቀት የበለጠ ይዘላል። በቪዲዮ ያዩትን የእጅ ርቀት እዚህ አምጥቶ መለካት አያዋጣም።

የሞተ ሰው የለም ለሚሉም መልስ አለ። በአሜሪካ ይህንኑ ትራንስፎርመር ተጠቅመው በእንጨት ላይ የመብረቅ ቅርንጫፍ የመሰለ ንድፍ ሲያቃጥሉ ከ30 የማያንሱ ሰዎች ሞተዋል፤ የአገሪቱ የእንጨት ቀራጮች ማኅበርም ሥራውን በ2017 እ.ኤ.አ. ከዝግጅቶቹ አግዶታል። እኛ እዚህ እንሸልመዋለን።

ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ጥፋቱም የእነርሱ አይደለም። ፕላዝማን ማስተማር የፈለገ መምህር ግን ቀና ብሎ የክፍሉን ጣሪያ ይመልከት፤ በበራ ፍሎረሰንት ውስጥ ያለው ያው ፕላዝማ ነው፤ በመስታወት ተዘግቶ ማንንም ሳይነካ ይታያል። ጉብኝቱ ከመጀመሩ በፊት ፈቃዱ በጽሑፍ ይሰረዝ፤ ትራንስፎርመሩም ከተማሪዎቹ እጅ ወጥቶ ባለሙያ ላለበት ወርክሾፕ ይሰጥ። ፈቃዱን የፈረሙት ሰዎች እምቢ ካሉ፣ ብሬከሩ ልጆቻችንን እንዴት እንደሚያድን በኮምቦልቻ ወላጆች ፊት ቆመው ያስረዱ።