ወደ ጥንት ሄዳ ጥንትን ያላገኘችው ልጅ

ልጅቷ መንገድ ስትሻገር መኪና ይገጫታል። ዓይኗን ስትገልጥ የሐር መጋረጃ የተጋረደበት አልጋ ላይ ናት። አጠገቧ አንዲት ደንገጡር ተንበርክካ ታለቅሳለች። በሩ ይበረገዳል፤ የእንጀራ እናት ገብታ በጥፊ ልታጮላት እጇን ታነሳለች። ልጅቷ እጁን አየር ላይ ቀለብ ታደርገዋለች። ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ክፍሉም ያልቃል። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ስልኩ ላይ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ይህን ትዕይንት ሳያውቀው አይቀርም። ዋና ገጸ ባሕሪያቸውን ከዛሬ ወደ ጥንት የሚወስዱት የቻይና አጫጭር ድራማዎች በቲክቶክና በቴሌግራም ተቆራርጠው እኛም ዘንድ ደርሰዋል። እኔም እከታተላቸዋለሁ። ስለምወዳቸውም ነው ጥራታቸው የሚያንገበግበኝ።

ብዙ ሰው የሚተቸው አጭርነታቸውንና ርካሽነታቸውን ነው። እውነት ነው፣ አብዛኞቹ የይድረስ ይድረስ ሥራዎች ናቸው። ዠጂያንግ ግዛት ባለው ግዙፉ የሄንግዲያን ስቱዲዮ ከ60 እስከ 100 ክፍል ያለው ድራማ በአንድ ሳምንት ገደማ ተቀርጾ ያልቃል። ያው ግቢ፣ ያው ደረጃ፣ ያው የአበባ ዛፍ ከድራማ ድራማ ይመላለሳል። ዊጉ ግንባር ላይ የተለጠፈበት መስመር ሳይቀር ይታያል። እኔ ግን በዚህ አልከፋም። በትንሽ ገንዘብም ጥሩ ታሪክ መናገር ይቻላል፤ ሁለት ደቂቃም ለሚያውቅበት ብዙ ነው።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ልጅቷ ወደ ጥንት ትሄዳለች፣ ጥንቱ ግን እዚያ የለም።

ሳሙናን እንይ። በነዚህ ድራማዎች ልጅቷ ገና ከመምጣቷ ከስብና ከአመድ ሳሙና ትሠራለች። አገሬው ጉድ ይላል፣ እሷም ሀብታም ትሆናለች። ዘመኑ ብዙ ጊዜ የታንግ ሥርወ መንግሥትን የሚመስል ነው። በዚያው ዘመን፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ስመ ጥር ሐኪም ሱን ሲሚያው ግን ከጥራጥሬ ዱቄትና ከመዓዛማ ዕፅዋት ስለሚዘጋጅ የመታጠቢያ ዱቄት በሕክምና መጻሕፍቱ ጽፏል። እነዚያ ሰዎች ልጅቷ እስክትመጣ በእድፍ አልተቀመጡም! ሌላዋ ደግሞ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ምግብ ቤት ከፍታ በበርበሬ የነደደ ወጥ ትሸጣለች። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር ተነስቶ ቻይና የደረሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ሶንግ ከወደቀ ከ300 ዓመት በኋላ ነው (የእኛውም በርበሬ ዘሩ ከዚያው ከአሜሪካ ነው)። ስለ ንግድና ስለ ገንዘብ የምታስተምራቸውም አለች። የሶንግ መንግሥት እኮ ሲቹዋን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1024 የወረቀት ገንዘብ ማውጣት ጀምሯል። እዚያ ያረፈች ልጅ ከነጋዴዎቹ ስንት ነገር ልትማር ትችል ነበር።

አንዷ እንድታበራ ሲባል አንድ ሙሉ ዘመን ይደደባል። ሚኒስትሩ መደመር አይችልም፣ ሐኪሙ ትኩሳት አያውቅም፣ ንጉሡ ግጥም ሰምቶ አያውቅም። አዘጋጆቹ «ዘመኑ እኮ ልብ ወለድ ነው» ይላሉ፤ ብዙዎቹም ታሪካቸውን ስም በሌለው ሥርወ መንግሥት ውስጥ ያስቀምጣሉ። የፈጠራ አገርም ቢሆን ግን ሕግና ወግ ይኖረዋል። እጅ ለመንሳት ያልጎነበሰች ሰው ምን እንደሚደርስባት ካላየሁ አለመጎንበሷ ለምን ይገርመኛል?

እነዚሁ ቻይናውያን እንዴት እንደሚሠራ አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ባለ 35 ክፍሉን ድራማ «ቡ ቡ ጂንግ ሺን» ያየ ሰው ያስታውሳል። ልጅቷ የምታርፈው በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ዘመን፣ ልጆቹ ለዙፋን ሲሻኮቱ ነው። አራተኛው ልዑል ዮንግዠንግ ተብሎ እንደሚነግሥ ታሪክ አንብባ ታውቃለች። የምትወደውን ስምንተኛውን ልዑል «እሱን ተጠንቀቅ» ትለዋለች። ማስጠንቀቂያዋ ራሱ ልዑሉን ለሴራ ያነሳሳዋል፤ የፈራችው ጥፋት በገዛ አፏ ይመጣል። እዚህ ላይ ታሪክ ይከብዳል፣ ይመልሳል፣ ይጎዳል። አንድ ቃል መናገርና ጦሱን ማየት ደግሞ 35 ክፍል አይፈልግም። ለአጭር ድራማ የተፈጠረ ነገር ነው።

ለምን አይሠራም ታዲያ? በብዙዎቹ መተግበሪያዎች የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ነጻ ናቸው፣ ከዚያ ይከፈላል። ተመልካቹ እንዲከፍል በየክፍሉ መጨረሻ ጥፊ፣ ውርደት ወይም በቀል መኖር አለበት። የተናገሩት ቃል ውሎ አድሮ የሚያመጣው ጣጣ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው፤ ጥፊ ግን ወዲያው ያስከፍላል። ገንዘቡ ደግሞ ቀላል አይደለም። በ2024 የቻይና አጫጭር ድራማዎች ገበያ ከ50 ቢሊዮን ዩዋን በላይ ሲገመት፣ የሲኒማ ቤቶቹ ገቢ 42.5 ቢሊዮን ነበር።

መንግሥትም ዝም አላለም። ከ2022 መጨረሻ እስከ የካቲት 2023 ድረስ ብቻ ከ25,000 በላይ አጫጭር ድራማዎች ወሲብ፣ ዓመፅና ብልግና አለባቸው ተብለው ወርደዋል። ከሰኔ 2024 ጀምሮ ደግሞ ድራማዎቹ እንደ በጀታቸው ተመድበው ነው የሚመዘገቡት። ይህ ሁሉ ብልግናን ይቀንስ ይሆናል፣ ደደብ የተደረገውን ዘመን ግን አይመልስም። ያ የሚስተካከለው ስክሪፕቱ ላይ ነው። ለዊግና ለሐር ልብስ ከሚወጣው ላይ ትንሽ ተቀንሶ፣ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት አንድ የታሪክ ምሁር ጽሑፉን ለሁለት ቀን ያንብበው።