አደጋ የሚባለው ከፎቅ ሲወደቅ ብቻ ነው እንዴ?

ስለ ሥራ ቦታ ደኅንነት ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየን ሄልሜት ነው። ቢጫ ሄልሜት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ «ቅድሚያ ለደኅንነት» የሚል ሰሌዳ። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከለገሃር እስከ ካዛንቺስ ከተማው እየፈረሰ እየተገነባ ስለሆነ ሰሌዳውን በየቆርቆሮ አጥሩ ላይ ታዩታላችሁ። ጥሩ ነው። ሰው ከፎቅ ይወድቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀውም ወንድ ነው፤ ግንበኛው፣ ለሳኙ፣ ብረት አሳሪው። ይሄንን ማቃለል ነውር ነው።

ግን ከዚያው አጥር ጀርባ ቀኑን ሙሉ ባሬላ ተሸክመው የሚውሉ ሴቶች አሉ። እነሱ ብዙም ከፎቅ አይወድቁም። ቀስ እያሉ ነው የሚታመሙት። ቀስ ብሎ የሚመጣ ሕመም ደግሞ እኛ ጋ አደጋ ተብሎ አይመዘገብም። «የሴት በሽታ ነው» ተብሎ ይታለፋል፣ አለቀ።

በቅርቡ እዚሁ መሀል ከተማ፣ ከአንድ ግንባታ ፊት ለፊት ባለች ሻይ ቤት ሁለት የቀን ሠራተኞች አጠገብ ተቀምጬ ወሬ ጀመርን። ምሳ ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ ይጠብሳል። ሁለቱም እጃቸው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ሻይ አዘዙ፣ ግማሹን ጠጥተው ተዉት። ለምን አትጨርሱም ስላቸው ትልቋ ሳቀች። «ጠጥተን የት እንሽናው እህቴ?» አለች። ጠዋት ከመጣች ጀምሮ ውኃ አትቀምስም። ሽንት ቤት አለ፤ የለም አይባልም፤ በቆርቆሮ የተከለለ፣ መቀርቀሪያ የሌለው፣ ውኃ የሌለው፣ ከመቶ ወንድ ጋር የሚጋሩት። ሄዳ ብትቆይ ደግሞ ካቦው «የት ጠፋሽ» ብሎ ሰው ፊት ያዋርዳታል። የወር አበባ ሲመጣስ? «ያኔማ እንቀራለን» አለች ትንሿ፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር። መቅረት ማለት የዚያን ቀን ብር የለም ማለት ነው። በመጀመሪያም ቢሆን ባሬላውን በሌላኛው ጫፍ ከያዘው ወንድ ያነሰ ነው የሚከፈላት።

ትልቋ ኩላሊቷን ያማታል። በየጊዜው ከፋርማሲ ኪኒን ገዝታ ትውጣለች፣ ይሻላታል፣ ተመልሶ ይመጣል።

እዚህ ላይ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር ነው፤ ባክቴሪያ ቶሎ ወደ ፊኛ ይደርሳል። ውኃ አለመጠጣትና ሽንት መቋጠር ነገሩን ያባብሰዋል። እርጉዝ ከሆነች ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል፣ ያለ ጊዜው ምጥም ሊያመጣ ይችላል። ከወሊድ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ከባድ ነገር መሸከም ደግሞ ለማህፀን መውጣት ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ነው። ይሄ ሁሉ ከሥራ የመጣ ሕመም ነው። ግን ማን ይመሰክርላታል? ከፎቅ የወደቀ ሰው ሲወድቅ ያየ አለ። እሷ ስትወድቅ ያየ የለም።

ሕጉ ክፉ እንዳይመስላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ላነበበ ሰው የሚያስደስት ነገር አለው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። ለእርግዝና ምርመራ የሄደችበት ጊዜ ይከፈላታል። ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር ታርፋለች። እርጉዝ ሆና ሳለች፣ ከወለደችም በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ማሰናበት አይቻልም። ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጥሎ ያሉትን 2 ወራት ግማሽ ያገኛል። ወረቀቱ ላይ።

የቀን ሠራተኛዋ ግን ወረቀት የላትም። ማሰናበት ምን ያስፈልጋል? ሆዷ ገፋ ሲል «ነገ አትምጪ» ትባላለች፤ በቃ፣ አዋጁ እዚያች ጋ አበቃ። የቤት ሠራተኛዋማ ጭራሽ ከበሩ ውጭ ናት፤ ለግል አገልግሎት የተቀጠረ ሰው ጉዳይ ለብቻው በሚወጣ ደንብ ይወሰናል ተብሎ ከአዋጁ ወጥቷል። በየቤታችን ከባዱን ባልዲ የምታነሳው፣ በረኪናና ላርጎ በባዶ እጇ የምታሸው እሷ ናት፤ አሠሪዎቿ ደግሞ ስለ ሴቶች መብት በየስብሰባው የምንናገር እኛ።

ሌላም ሠራተኛ አለች፣ ከዓይናችን ስር ሆና የማናያት። የትኛውም የመሀል ከተማ ሕንፃ ውስጥ ግቡ፣ ደረጃው ስር ወይም መግቢያው ላይ ጀበና ቡና አለ። ልጅቷ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ከጠዋት እስከ ማታ የከሰል ምድጃ ላይ ጎንበስ ብላ ትውላለች። በላዩ እጣን። እኛ አሥር ደቂቃ ተቀምጠን «ደስ የሚል ሽታ» ብለን እንሄዳለን፤ እሷ ግን ሳንባዋን ይዛ እዚያው ናት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ያዞራል፣ ለእርጉዝ ደግሞ ለሆዷ ልጅ የሚደርሰውን ኦክስጅን ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንደሞተ ገምቷል፤ እሱም የምግብ ማብሰያውን ጭስ ቆጥሮ ነው። የሕንፃ መግቢያ ላይ ቁጭ ብላ የምትተነፍሰውን ማን ይቆጥራል? ቢሮ ውስጥ ላሉት የእሳት ማጥፊያ በየፎቁ ተሰቅሏል። ለእሷ አንድ መስኮት አይከፈትም።

«የተማሩትስ?» የሚል ካለ፣ እነሱም ቢሆኑ የሚያመልጡበት የለም። ጤና ሚኒስቴር ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት በቀር ምንም አይቅመስ ይላል። ትክክል ነው። ሕጉ ደግሞ ከወለደች በኋላ 3 ወር ይሰጣታል። በቀሩት 3 ወራት ወተቱ በምን ይምጣ? በፖስታ? ስንቷ ባንክ ቤት፣ ስንቷ ድርጅት ውስጥ ያለች እናት ሽንት ቤት ገብታ ቆልፋ ጡቷን አልባ እንደምትደፋ የሴት ጓደኛ ያለው ሁሉ ያውቃል። ጡቷ ጠጥሮ ትኩሳት ይዟት ስብሰባ ላይ የምትቀመጥም አለች። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው በ2010 በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ተደንግጎ ነበር፤ ያቋቋሙም አሉ፣ ይመስገኑ። የግሉን ዘርፍ የሚያስገድድ ተመሳሳይ አንቀጽ ግን በ1156ቱ ውስጥ የለም። አባትየው ደግሞ በዚሁ በ1156 3 ቀን አለው። ሦስት ቀን! የገንፎው ዕቃ ታጥቦ ሳያልቅ ሥራ ይገባል።

እዚህ ላይ አሠሪዎችን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፣ እኔ ግን ጥፋቱን የማየው ሌላ ቦታ ነው። እኛ አገር የወሊድ ፈቃድ ደሞዝ የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ነው፤ ከኪሱ። ከጋራ መድን የሚመጣ አይደለም። ስለዚህ አምስት ሠራተኛ ያለው ሱቅ ወይም ማተሚያ ቤት አንዷ ስትወልድ ደሞዟንም የተተኪዋንም ይከፍላል። በሚቀጥለው ጊዜ ታዲያ ሲቀጥር ምን ያደርጋል? ወንድ ይቀጥራል። ወይ ደግሞ ቃለ መጠይቅ ላይ «አግብተሻል?» ብሎ ይጠይቃል። የዓለም ሥራ ድርጅት የእናትነት ጥበቃ ስምምነት፣ ቁጥር 183 የተባለው፣ ወጪው በአንድ አሠሪ ላይ መውደቅ የለበትም፣ ከማኅበራዊ መድን ወይም ከሕዝብ ገንዘብ ይውጣ የሚለው ለዚሁ ነው። ፈቃዱ ወደ 6 ወር ይርዘም የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እኔም ልቤ ከእነሱ ጋር ነው። ነገር ግን ክፍያውን ሳናጋራ ቀኑን ብቻ ብናረዝመው የምትጎዳው ራሷ ሥራ ፈላጊዋ ናት። ለጡረታ ከየደሞዛችን በየወሩ ይቆረጣል፤ ለወሊድ ትንሽ ፐርሰንት መጨመር ሰማይ መቧጠጥ አይደለም።

ወንዶቹንም አልረሳሁም። «ወንድ ልጅ አያማርርም» እየተባለ ያደገ ሰው ደረቱን እያመመው፣ የድንጋይ አቧራ እየዋጠ፣ አልጋ ላይ እስኪወድቅ ሐኪም ቤት አይሄድም። እሷ «ቻይ ናት» ተብላ ትተዋለች፣ እሱ «ጠንካራ ነው» ተብሎ። ልዩነቱ እሱ ሲጎዳ ቢያንስ የሚጻፍበት ፎርም መኖሩ ነው።

መሀል ከተማው ውስጥ አሁን ትልቁ አሠሪ መንግሥትና ከተማ አስተዳደሩ ናቸው። በኮሪደር ልማቱ ለእግረኛ የሚሆን ሽንት ቤት በየመንገዱ ተሠርቷል፤ ስለዚህ አይቻልም የሚባል ነገር የለም። ያንን መንገድ ድንጋይ ተሸክመው የሠሩት ሴቶችስ በሥራው ጊዜ የት ይሄዱ ነበር? ከኮንትራክተር ጋር ውል ሲገባ አንድ መስመር ይጨመር፤ ለሴቶች ለብቻው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ውኃ ያለው ሽንት ቤት፣ ሞዴስ መጣያም ያለው። ካልተሠራ ክፍያ አይለቀቅ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪውም ሲመጣ ሄልሜት ቆጥሮ፣ ሻይ ጠጥቶ ከሚሄድ የዚያን ቆርቆሮ በር ከፍቶ ይግባ።